አሮጌ የዳገት መኪናን በቤት ስለ መጠበቅና ስለ ማደስ

ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ጠባዩን ማወቅ ይገባዋል። አባቶቻችን በበቅሎ ይጓዙ በነበረበት ዘመን፥ ምንም እንኳ ባልደራስና ጫኝ ቢኖራቸው፥ የበቅሏቸውን ጀርባ ራሳቸው ሳያዩ፥ የኮርቻውንም ጥብቀት በገዛ እጃቸው ሳይፈትሹ ለረዥም መንገድ አይነሡም ነበር። ጌታው ያላየው የጀርባ ቍስል የሚታወቀው በመንገድ መካከል ነውና። ዛሬ በብዙ ቤት የበቅሎውን ስፍራ መኪና ወስዶታል፤ የበቅሎው ጌታ የነበረው ትጋት ግን ወደ መኪናው ጌታ አልተላለፈም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ዐምዳችን ስለ አሮጌ መኪና አጠባበቅ፥ ይልቁንም በአራቱም ጎማው ስለሚስበው የዳገት መኪና፥ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

መኪና ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፥ የተጠረገ መንገድ በሌለበት በረሃና ዳገት እየነዳ አዲስ አበባ አደረሰው። በአራት ጎማ የሚስበው መኪና ስሙ የገነነው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጂፕ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 እንግሊዞች ላንድሮቨርን አወጡ፤ በ1951 ደግሞ የጃፓኑ የቶዮታ ኩባንያ የሠራው መኪና የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጥቶ ሰውን አስደነቀ፤ በ1954ም ላንድክሩዘር የሚል ስም ተሰጠው። ዛሬ በየገጠሩ የምናየው በ1984 የወጣው ባለ 70 ቍጥሩ ወገን ነው። ከነዚህም ውስጥ ከ1990 እስከ 1999 የተሠራው፥ ከፊትም ከኋላም በባልስትራ የቆመው፥ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው ባለ ጭነት መኪና፥ ሞተሩን የሚያዝዝ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ስለሌለበት፥ በመፍቻ፥ በንጽሕናና በትዕግሥት የሚታደስ ነው። ምክራችንም በተለይ እርሱን ይመለከታል።

ምክሩን የምናቀርበው ኒሯቅን በዐይነ ኅሊናችን እያየን ነው። ኒሯቅ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋው ላይ ስትቀመጥ፥ የአበርገሌ አገር ግን ፍየልና ንብ የሚረባበት፥ ወደ ተከዜ ሸለቆ ያዘቀዘቀ ቆላ ነው። ስለዚህ በነዚህ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መኪና በአንድ ጕዞ ብርዱንም ሙቀቱንም፥ አቧራውንም ድንጋዩንም ይቀምሳል። በኒሯቅ በምጥ የተጨነቀች እናት ወደ ሰቆጣው ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መድረስ ሲኖርባት፥ በደጅ የቆመው መኪና አስነሥተውት የማይነሣ ቢሆን፥ የመኪናው ዕዳ ወደ ሰው ሕይወት ይሻገራል። በ2013 ዓ.ም. በተነሣውና እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በዘለቀው ጦርነት ዘመን፥ ከዚህ አገር ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ትቶ ወደ ሰቆጣ ተሰድዷል፤ በእንዲህ ያለ ቀን የሚነሣ መኪና ምን ያህል ነፍስ እንደሚያተርፍ ለአንባብያን ማስረዳት አያሻንም።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ሹመት ያለው ሰው ከመኪና በታች ተጋድሞ ልብሱን በዘይት ማጨቅየት አይገባውም፤ ሾፌርና መካኒክ አለለት» ይላሉ። ይህ አነጋገር በከተማ ጥቂት እውነት ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን የሠለጠነ መካኒክ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝበት አገር፥ ሹመትም ሆነ ገንዘብ የተሰበረ ባልስትራ አያቃናም። ደግሞም ሥራውን ጨርሶ የማያውቅ ጌታ፥ ሠራተኛው በእውነት ሲነግረው አያምነውም፥ ሲያታልለውም አይነቃበትም። መኪናው የመንግሥት በሆነ ጊዜማ ነገሩ ይብሳል፤ በቸልታ የሚጠፋው የሕዝብ ገንዘብ ነውና። እንግዲህ በቤት ሊደረግ የሚቻለውን በየተራው እንናገራለን።

አንደኛ፤ ስለ ውሃ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቍጥር ግን መፍያው አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በሰቆጣ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ግድም ይፈላል። በመኪና ውስጥ ይህን ጕድለት የሚሞላው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውሃውን አፍኖ በግፊት ስለሚይዘው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን፥ ሌላው ሁሉ ደኅና ሳለ ሞተሩ በዳገት ላይ ይፈላል። ብዙ ሰው ርካሹን ክዳን መለወጥ ሲበቃው ራዲያተሩን ሊያስፈታ ይሄዳል። ለራዲያተር ፀረ ዝገቱ የተጨመረበት ፈሳሽ ይሻላል፤ ይህ ባይገኝ ንጹሕ የዝናም ውሃ ከወንዝ ውሃ ይበልጣል፤ የወንዝ ውሃ ደለልና ኖራ ይዞ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናልና። የጋለ ሞተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈት፤ የሚፈናጠረው እንፋሎት ፊትን ይልጣል፥ ዐይንንም ያጠፋል። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ እንዳልላላና እንዳልተሰነጠቀ በየሳምንቱ ይታይ፤ ትርፍ ቺንጋም ከወንበር በታች አይታጣ።

ሁለተኛ፤ ስለ ዘይት። የሞተር ዘይት የሚለካው ማለዳ፥ ሞተሩ ሳይነሣ፥ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ነው። መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ መጥረግ፥ መልሶ ማግባትና እንደ ገና ማውጣት ነው፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሊሆን ይገባል። ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላትም እንደ ማጕደል ያለ ጥፋት ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ቢታይ ውሃ ገብቶበታልና ሞተሩን ማስነሣት አይገባም። በአቧራ አገር ዘይቱንና ማጥሪያውን በ5,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ መልካም ልማድ ነው። ዘይቱ የሚቀዳው ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ እድፉን ይዞ ይወርዳል። የወጣውንም አሮጌ ዘይት በጀሪካን ማኖር እንጂ በመስክና በምንጭ አጠገብ ማፍሰስ በከብትም በሰውም ላይ በደል ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ አየር። በሰቆጣ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ደኅና ሞተር እንኳ በዳገት ላይ ጕልበቱ ይቀንሳል፥ ጥቂትም ጥቍር ጢስ ያወጣል። በዚህ ላይ የአየር ማጥሪያው በአቧራ የታፈነ እንደ ሆነ፥ ሞተሩ እንደ ታነቀ ሰው ይሆናል። የወረቀቱ ማጥሪያ በአቧራ ወራት በየሳምንቱ ወጥቶ በእጅ ይመታ፥ ወይም ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ መንፋት ግን አቧራውን ወደ ወረቀቱ ልብ መቅበር ነው። በናፍጣና በቤንዚን ማጠብም ያበላሸዋል። ወረቀቱ ተቀድዶ ቢገኝ አይሰፋም አይለጠፍም፤ ይለወጥ። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው አቧራ የፒስተኑን ፋሻዎች እንደ ሞረድ ይበላልና።

አራተኛ፤ ስለ ናፍጣ። በሩቅ አገር ናፍጣ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በበርሜል ነው፤ በበርሜል ውስጥም ሌሊት የሚንጠባጠብ ላብ አለ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። እንግዲህ በርሜሉን ሳያናውጹ አሳድሮ፥ ከላይ ከላዩ ቀድቶ፥ በጥቅጥቅ ንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ መሙላት ነው፤ የታችኛው ጥቂት ሊትር ይቅር። ከናፍጣ ማጥሪያው ሥር ያለውን ትንሽ መክፈቻ በየሳምንቱ ከፍቶ ውሃውን ማንጠብጠብ ይገባል። ማጥሪያው በተለወጠ ጊዜ ወይም ናፍጣው በመንገድ ባለቀ ጊዜ በቧንቧው አየር ይገባል፤ ያን ጊዜ ሞተሪኖውን ደጋግሞ በማስጮኽ ባትሪውን ከመጨረስ፥ በማጥሪያው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ድረስ መጫን ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ፍሬን። ከሰቆጣ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ነፍሱን የጣለው በፍሬን ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። ዶት 3 የተባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረዥም ቍልቍለት የጋለ ፍሬን ይህን ዘይት ባፈላው ጊዜ፥ ፔዳሉ ድንገት እንደ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ቍልቍለቱም በዝቅተኛ ማርሽ ይወረድ እንጂ ሁሉ በፔዳል አይደረግ።

የፍሬንን አየር ማውጣት ሁለት ሰው የሚሠራው የቤተ ሰብ ሥራ ነው። አንዱ ከመሪው ተቀምጦ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ይጫንና ይያዝ፤ ሁለተኛው በጎማው በኩል ያለችውን መተንፈሻ ብሎን ጥቂት ፈትቶ ዘይቱን ከነአረፋው በላስቲክ ቧንቧ ወደ ጠርሙስ ያውጣ፤ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ብሎኑን መልሶ ይጠብቅ። ሥራው ከሩቁ የኋላ ጎማ ተጀምሮ በቅርቡ የፊት ጎማ ይፈጸማል፤ በዚህም ሁሉ ጊዜ የላይኛው ዕቃ ዘይት እንዳይጐድል ይጠበቅ። ሥራው ተፈጽሞ ፔዳሉ በእግር ሥር ቀስ እያለ የሚሰምጥ እንደ ሆነ፥ ጕዳቱ በውስጥ ነውና መኪናው ከግቢ አይውጣ።

ስድስተኛ፤ ስለ ጎማ። በነዚህ መኪናዎች ላይ የቸርኬው ጠርዝ በብረት ቀለበት የሚያዝ ዐይነት አለ። ይህ ቀለበት በሚገባ ሳይገጥም ጎማው በተነፋ ጊዜ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጎማው ከመፈታቱ አስቀድሞ የካላማዳሪው ልብ ወጥቶ አየሩ ፈጽሞ ይለቀቅ፤ የዛገና የተጣመመ ቀለበት ይጣል፤ በሚነፋበትም ጊዜ ጎማው በወፍራም ሰንሰለት ተተብትቦ፥ ቀለበቱ ወደ ምድር ዞሮ፥ ነፊው በረዥም ቧንቧ ከሩቅ ይቁም። ሕፃናት በዚያ ስፍራ አይገኙ። አየር እየገባበት ያለውን ቀለበት በመዶሻ መምታት ሞትን መጥራት ነው።

ሰባተኛ፤ ከመኪናው በታች ስላለው። ማንም ሰው ክሪክ ብቻ በደገፈው መኪና ሥር አይግባ። ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፥ የተነሣውም በወፍራም ግንድ ቍራጭ ይደገፍ፤ ለድጋፍ የሚደረደር ድንጋይ ግን ሊፈረካከስ ስለሚችል አይታመንም። ከዚያ በኋላ የባልስትራው አንሶላዎች አንድ በአንድ ይታዩ፤ የሚያስሯቸው ብሎኖች ዳዶዎች ይጠበቁ። ዋናው አንሶላ በመንገድ ቢሰበር፥ በአክሱሉና በሻንሲው መካከል የወይራ ግንድ አግብቶ በሽቦና በሰንሰለት አጥብቆ በዝግታ መግባት ይቻላል፤ ይህ ግን ለመድረሻ እንጂ ለመኖሪያ አይደለም። ኃይልን ወደ ጎማ በሚያደርሰው ረዥም ዘንግ ጫፍ ያሉት ክሮቼራዎች በየዘይት ለውጡ ግራሶ ይግባላቸው። ጎማው ከምድር ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ፥ ኩሽኔታው መጠበቅ ወይም መለወጥ ይሻል።

ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የዲፈረንሻሉን ዘይት ማየት አይረሳ። የጋለ ዲፈረንሻል በድንገት በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው የተደፈነ እንደ ሆነም በጎሚኒዎቹ በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ቢነጣ ይለወጥ። በዚህ ሥራ አንድ ምክር እንሰጣለን፤ የታችኛውን ማፍሰሻ ከመፍታት በፊት የላይኛው መሙያ የሚፈታ መሆኑ ይረጋገጥ። ዘይቱን አፍስሶ መሙያው እንቢ ያለበት ሰው፥ በደጁ የሚሄድ የነበረውን መኪና በገዛ እጁ አቁሞታልና።

ስምንተኛ፤ ስለ አራቱ ጎማ ጕልበት። የፊቱን ጎማዎች ማሠር ለጭቃ፥ ለአሸዋና ለልል ድንጋይ ነው። በደረቅና በጠንካራ መንገድ ግን፥ በመታጠፊያ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት መንገድ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ እርስ በርስ ተጓትተው ማርሹን ይሰብራሉ። ነገር ግን ለወራት ሳይሠራበት የቆየ ማርሽ ዘይቱ ስለሚወርድለት፥ በወር አንድ ጊዜ በልል መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ማስኬድ ይገባል።

አሁን ደግሞ በቤት ሊነካ የማይገባውን እንናገር። ናፍጣን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ፓምፕ፥ የዲፈረንሻሉ ጥርሶች አቀማመጥና የፍሬኑ ዋና ፓምፕ ውስጥ የዐዋቂ እጅ ይሻሉ። እንዲሁም ከላይ በተናገርነው የስድስት ሲሊንደር ሞተር ውስጥ የቫልቮቹን ሥራ የሚያዝዝ የጎማ ቺንጋ አለ፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት። ቢበጠስ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋራ ተጋጭተው ሞተሩን ያፈርሱታል። አሮጌ መኪና የገዛ ሰው የቺንጋውን ዕድሜ የሚያስረዳ ጽሑፍ ካላገኘ፥ እንዳልተለወጠ ቈጥሮ ወዲያው ያስለውጠው። ሥራውን ለመካኒክ መስጠት ነውር አይደለም፤ ቀኑን አለማወቅ ግን ነውር ነው። ግማሽ ዕውቀት በኮፈን ላይ ገንዘብ ያስከፍላል፤ በፍሬን ላይ ግን ነፍስ ያስከፍላል።

ለዚህ ሁሉ የሚያሻው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ከ8 እስከ 24 ቍጥር ያሉ መፍቻዎች፥ ካቻቢቴና ፒንሳ፥ ደኅና ክሪክ፥ የግራሶ መሙያ፥ የጎማ መለጠፊያ፥ ሽቦ፥ ንጹሕ ጨርቅና የእጅ ባትሪ ነው። ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ደብተር ነው። በእርሱ ላይ ዘይት የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፥ የተለወጠው ዕቃ፥ የተከፈለውም ዋጋ ይጻፍ። ይህን ደብተር የቤት እመቤቲቱ ብትይዘው መልካም ነው፤ የጓዳዋን እህልና ቅቤ በልቧ የምትቈጥር ሴት፥ የዘይትንና የናፍጣን ሒሳብ ስታስተካክል ማን ያታልላታል? ወንዶችም ሴቶችም ልጆች በቅዳሜ ማለዳ ከአባታቸው ጋራ ቆመው መለኪያውን ዘንግ ማንበብ፥ ፔዳል መያዝ፥ ዳዶን በየስፍራው መደርደር ይማሩ። በዚህ የሚያገኙት ትምህርት ከመኪና ያልፋል፤ የነገሩን ምክንያት መመርመርንና የፈቱትን መልሶ መግጠምን ይለምዳሉና።

አሮጌ መኪና የሚሞተው በዕድሜው ብዛት አይደለም፤ በተናቀች ጠብታና በላላ ዳዶ ነው። እንግዲህ በሩቅ አገር ያላችሁ አንባብያን፥ በሚመጣው ቅዳሜ ማለዳ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ኮፈኑን ከፍታችሁ ውሃውን፥ ዘይቱንና ቺንጋውን እዩ፤ ወደ ታችም ጐንበስ ብላችሁ የሚያንጠባጥብ ነገር እንዳለ መርምሩ። ከሩብ ሰዓት አይበልጥባችሁም፤ በሌሊት ሰው ታሞ ደጃችሁ በተመታ ጊዜ ግን የዚያች ሩብ ሰዓት ዋጋ ይገለጥላችኋል።